እሬቴ አበባ አወጣ

ብዙዎቻችን እሬትን የምናውቀው በምሬቱ ነው። ጡት ለማስጣል ይቀባል፤ አሁን አሁን ደግሞ ለፀጉርና ለቆዳ ይፈለጋል። እኔ ግቢዬ ውስጥ የተከልኩት ግን ለወፎች ብዬ ነው። ዘንድሮ አበባ ስላወጣ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

በየበረንዳው በሸክላና በቆርቆሮ የሚተከለው፣ ቢጫ አበባ ያለው አሎ ቬራ መነሻው የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። የአገራችን እሬቶች ሌሎች ናቸው። ለምሳሌ አሎ ደብራና የሚባለው በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። እባካችሁ ከዱር አትንቀሉ። ከአሎ ቬራ በቀር የሁሉም እሬቶች ዓለም አቀፍ ንግድ ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ከንግድ ጉዳት በሚጠብቅ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ የጀመርኩት ጎረቤት ግቢ ካለ ትልቅ እሬት ሥር በወጡ ልጆች ነው። የተቆረጠበት ቦታ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየኋቸው፤ እርጥቡን ከተተከለ ይበሰብሳል። አፈራችን ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ጠጠርና አሸዋ ቀላቅዬ ከፍ ያለ መደብ ሠራሁ። በእኔ እምነት የእሬት ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ድርቁን እሱ ራሱ ይችለዋል፤ የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው።

ድርቁን እንዴት ይችላል? ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌሊት ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ያጠራቀመው ውኃ ቶሎ አይተንም። በጋ ላይ ቅጠሉ ቀላ ብሎ ሳሳ ቢል አትደንግጡ፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል።

አሁን ወደ አበባው ልምጣ፤ ደስታዬ እሱ ነው። አበቦቹ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ከታች ጀምረው ወደ ላይ በተራ ስለሚከፈቱ ምግቡ በአንድ ቀን አያልቅም። ጠዋት ጠዋት አንድ ወፍ ይመጣል። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊ ያብረቀርቃል። በሳይንስ ስሙ (Nectarinia tacazze) ውስጥ የተከዜ ወንዝ ስም አለ። ዘንጉን በእግሩ ቆንጥጦ ይቆማል፣ ቆልመም ያለ ምንቃሩን ቱቦው ውስጥ ከትቶ ጣፋጩን ፈሳሽ ይመጥጣል። ቀና ሲል ግንባሩ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ታያላችሁ። ንቦችም ያንኑ ዱቄት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ አይጠፉም። ዘንጉ ጠወለገ ብላችሁ ቶሎ አትቁረጡት፤ ጫፉ ላይ ገና ያልተከፈተ አለ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው ዱቄት ዘር አይዙም። ከአንድ እናት የተነጠሉ ልጆች ደግሞ ያው አንድ ተክል ናቸው። የእኔዎቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ፣ የዚያው ዝርያ ሌላ እናት እየፈለግኩ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ያደገ የአገር እሬት ያላችሁ፣ ክረምት ሲገባ ልጅ በልጅ እንለዋወጥ።