ከጓሳ እስከ አልዩ አምባ

አባቴ የመንዝ ልጅ ነው፣ እናቴ ደሞ ከአንኮበር በታች ያለችው የአልዩ አምባ አርጎባ ነች፣ እኛ ያደግነው ደብረ ብርሃን። ስለዚህ የምወደው ቦታ አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በተለይ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚያወርደውን መንገድ እወደዋለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ሹራብና ጃኬት ደርበን እንነሳና ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ በአንድ እያወለቅን፣ ጆሯችን ጥው እያለ፣ ታች ስንደርስ በካናቴራ ብቻ እንቀራለን። ድሮ እዚህ ገበያ የአፋር ጨው በግመል ይመጣ ነበር፣ የሐረር ነጋዴዎችም ይኖሩበት ነበር። እናቴ ገበያው መሀል ስትገባ በቃ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው፣ ድምጿ ራሱ ይቀየራል!

መንዝ ደሞ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሳር ምድር አለ። ሳሩን ሰው ቄሮ በሚባለው የቆየ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ተስማምቶ ነው የጠበቀው፣ ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሲግጡ አጠገባቸው ታልፋለህ። ብርዱ ግን አይጣል ነው።

የአባቴ እናት እኛ ስንመጣ በጉን በራሷ ሰው አታሳርድም ነበር፣ ጎረቤት ሙስሊም አስጠርታ ታሳርድና ለእናቴ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ትሰራላታለች። ማንም አስገድዷት አይደለም። ያ ጭስ የጠገበ ማጀት፣ ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን የተጣዱበት ምድጃ፣ ከሁሉም ቦታ በላይ የሚናፍቀኝ እሱ ነው።