ማስቲሽና ወተት

የአጎቴ ልጅ መርካቶ፣ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማ ይሠራል። ሰሞኑን ዕቃ ላደርስለት ሄጄ የሚሠሩበትን ክፍል አየሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ በካርቶን ተዘግቷል፤ አቧራ ጫማው ላይ እንዳያርፍ ነው አሉኝ። እሱ ሶሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ማስቲሹን በብሩሽ ይቀባል፣ ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ በጣቱ ያዳርሳል። ከዚያ ትንሽ ጠፈፍ እስኪል ያስቀምጠዋል። እኔን የከነከነኝ ይሄ መጥፈፉ ነው። ማስቲሽ የሚጠፍፈው ውስጡ ያለው ማሟሟቻ ፈሳሽ ወደ አየር ስለሚተን ነው። መስኮቱ ዝግ ከሆነ ታዲያ ያ ሁሉ ትነት የት ይሄዳል? እነሱው ይተነፍሱታል።

«ራስህን አያዞርህም?» አልኩት።

«መጀመሪያ ሰሞን ነው እንጂ ይለመዳል። ደግሞ ማታ ማታ ወተት እንጠጣለን።»

ወተቷን ብዙ ቦታ ሰምቻታለሁ። ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም ወተት ይጠጣል። አንዳንድ አሠሪም ወተት ከገዛ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ግን ወተት ሆድ ነው የሚገባው። ትነቱ በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ወተት እዚያ አይደርስበትም። መለመዱም ቢሆን አፍንጫ ሽታውን መለየት ማቆሙ ነው እንጂ ሰውነት መከላከያ አበጅቶ አይደለም።

ይሄ ሥጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኢስታንቡል ውስጥ እንደ እነሱ ያሉ ጫማ ሠሪዎች፣ እንደዚሁ አየር በማያስገቡ ትንንሽ ክፍሎች፣ ቤንዜን የሚባል ኬሚካል (መኪና የሚሞላው ቤንዚን አይደለም) ባለበት ማጣበቂያ ለዓመታት ሠርተዋል። ሙዛፈር አክሶይ የተባሉ የደም ሐኪም ታካሚዎቻቸውን ሲያዩ የሚገርጡ፣ የሚደሙ፣ መቅኒያቸው ደም ማምረት ያቃተው ሰዎች በዙባቸው። ቀጥሎ የደም ካንሰር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ከ1967 እስከ 1973 ድረስ 26 ሰዎች በደም ካንሰር ወይም ወደዚያ በሚያመራ ሕመም መያዛቸውን ጻፉ። ለቤንዜን ተጋልጠዋል ከተባሉት 28,500 ያህል ጫማ ሠሪዎች መካከል ማለት ነው። ቤንዜን ያለበት ማጣበቂያ ቀስ በቀስ በሌላ ሲተካ የሕመምተኞቹም ቁጥር ቀነሰ። ለውጡን ያመጣው የማጣበቂያው መቀየር ነው።

የእኛዎቹ ማስቲሽ ውስጥ ምን አለ? ቆርቆሮውን አገላብጬ አየሁት። ከእሳት አርቁ ይላል፤ ምን እንደያዘ ግን አንድም ቃል የለበትም። እንዲህ ዓይነት ማጣበቂያዎች በአብዛኛው የሚሟሙት ቶሉይንና ሄክሴን በሚባሉ ኬሚካሎች ነው። ሄክሴን ነርቭ ይጎዳል። ማሟሟቻው በደንብ ያልተጣራ ከሆነ ደግሞ ቤንዜን ተቀላቅሎበት ሊገኝ ይችላል። የሶሉን ጠርዝ ሲሞርዱ የሚቦነው የቆዳ ብናኝም አለ፤ እሱም የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። አፋቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ ከብናኙ ጥቂቱን ቢይዝ ነው። ትነቱን ጭራሽ አያስቆምም፤ ለዚያ ከሰል ያለው ማጣሪያ የተገጠመለት ማስክ ያስፈልጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የአጎቴ ልጅ ግን ስለ ማስቲሹ አንድም ሰው ነግሮት አያውቅም። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ልጁ ፈሪም ሰነፍም አይደለም። ቢነገረው ኖሮ ያን ካርቶን ራሱ ይገነጥለው ነበር።

ትናንት ደወልኩለትና ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ድዴ ሲደማ ታዲያ ከዚህ ነው?» አለኝ። ድድ በብዙ ምክንያት እንደሚደማ ነገርኩት። ሰኞ አብረን ሄደን የደም ምርመራ ያደርጋል፤ ቀኑን ከአለቃው አስፈቅዷል። ማራገቢያ ይገጠምልን ሲለው ግን አለቃው «የፋሲካው ትዕዛዝ ይለቅና እናያለን» ብሎታል።