ድራፍት በቤት ውስጥ፦ ከበርሜሉ እስከ ብርጭቆው

ቤቱ ውስጥ ድራፍት መትከል የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመቅጃው ነው። የሚያብረቀርቀውም፣ እንግዳ የሚያየውም እሱ ነውና። መጀመር ያለበት ግን ከበርሜሉ ነው። የትኛው ቢራ፣ በስንት ሊትር በርሜል፣ በምን ዓይነት ቫልቭ እንደሚቀርብላችሁ ሳታውቁ ዕቃ ከገዛችሁ ግማሹን መልሳችሁ መግዛታችሁ አይቀርም።

የበርሜል ቫልቭ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በላዩ ላይ የሚገጠመው፣ ጋዙን የሚያስገባውና ቢራውን የሚያወጣው ካፕለርም ከቫልቩ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። «ኤስ» የሚባለው በአውሮፓ በርሜሎች ላይ የተለመደ ነው፤ «ዲ» ደግሞ በአሜሪካ። ሁለቱም ተጠምዝዘው ስለሚገቡ ለዓይን ይመሳሰላሉ። ሆኖም የኤስ የመሃል ዘንግ ረዘም ስለሚል አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። «ኤ» እና «ጂ» በጎን ተንሸራተው ይገባሉ። ጊነስ «ዩ» የተባለውን ይጠቀማል። ስለዚህ ለአከፋፋዩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ቫልቩ ዓይነት ይሁን።

ስለ መጠኑ፦ 50 ሊትር ሙሉ በርሜል ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። በወረቀት ላይ 100 የግማሽ ሊትር ብርጭቆ ይወጣዋል፤ በአረፋና በቱቦ ውስጥ የሚቀረው ሲቀነስ ግን ያን ያህል አይሞላም። ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (ጀርሙ በሙቀት ያልተገደለ) ቢራ በቅዝቃዜና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ሥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጣዕሙን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 50 ሊትር የማትጨርሱ ከሆነ 20 ወይም 30 ሊትሩ ይሻላችኋል። በእጅ የሚነፋው ፓምፕ አየር ስለሚያስገባ ቢራው በአንድ ቀን ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። እሱ በአንድ ማታ ለሚያልቅ ድግስ ካልሆነ ለቤት ባር አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ፍሪጅ ነው። ቢራው ራሱ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ቢራው ራሱ የምለው የፍሪጁ ቴርሞስታት የሚለካው አየሩን ስለሆነ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከታችሁ በፍሪጁ ውስጥ አሳድሩና ያንን ቁጥር እመኑ። አዲስ የመጣ በርሜል እስከ መሃሉ ለመቀዝቀዝ 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ጠዋት አምጥቶ ማታ መቅዳት አረፋ መጠጣት ነው።

ፍሪጁን ራሳችሁ የምትበሱ ከሆነ መቅጃውን በሩ ላይ ትከሉት። በብዙ ፍሪጆች የጎን ግድግዳ ውስጥ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሄድባቸው ቱቦዎች አሉ። መሰርሰሪያው አንዱን ከነካ ፍሪጁ አለቀለት ማለት ነው። በሩ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፖንጅ ብቻ ነው ያለው። ከላይ የሚከፈት ዲፕ ፍሪዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የሚገጠም የሙቀት መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ቢራው በረዶ ይሆናል።

ለመቅጃው ገንዘብ ሳትቆጥቡ ስቴይንለስ ግዙ። ክሮም የተቀባ ነሐስ ቅቡ ሲላጥ የብረት ጣዕም ለቢራው ይሰጣል። መዝጊያው ወደ ፊት በኩል የሆነ መቅጃ ብታገኙ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ሲዘጋ ውስጡ ቢራ ተጋልጦ አይደርቅም፣ እጀታውም አይጣበቅም።

ወደ ጋዙ እንምጣ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ለምግብና ለመጠጥ የተዘጋጀ ጋዝ የሞላ፣ የፍተሻ ቀኑም ያላለፈ ይሁን። ቀኑ አንገቱ ላይ ተቀርጿል። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር ስትገዙ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመውን ጥርስ አረጋግጡ፦ በብዙ የአውሮፓ ሲሊንደሮች 21.8 ሚሊሜትር የሆነው ነው፣ በአሜሪካ ደግሞ ሲጂኤ 320 የሚባለው፤ ሁለቱ አይጋጠሙም። ሲጂኤው በመሃል የሚቀመጥ ዋሸር ይፈልጋል፣ እሷ ከተረሳች ጋዙ ሌሊቱን ሲወጣ ያድራል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፣ እንዳይወድቅም ታስሮ ይቀመጥ። ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉላተሩ ገብቶ ያበላሸዋል።

ከሬጉላተሩ ሁለት የግፊት መለኪያዎች (ጌጆች) ትልቁን ቁጥር የሚያሳየው ብዙ ሰው ያሳስታል። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር (ባር እዚህ የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ይቆማል፣ ጋዙ ሊያልቅ ሲል በድንገት ይወርዳል። ሲሊንደሩ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ወደ 38 ባር ይወርዳል፤ ይህ ቅዝቃዜ ነው እንጂ ጋዙ አልጎደለም። የቀረውን በትክክል ለማወቅ ሲሊንደሩን መመዘን ነው፤ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተጽፏል። 50 ሊትር ቢራ ለመግፋት ከ150 እስከ 200 ግራም ጋዝ ይበቃል። 2 ኪሎ ሲሊንደር በሁለት በርሜል ካለቀ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። በሳሙና ውኃ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቀቡና አረፋ የሚሠራውን ፈልጉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ሚዛኑ። ቢራ ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ጋዝ በውስጡ ሟሙቶ ነው። የእናንተ ግፊት ሥራው ያንን ጋዝ በቦታው ማቆየት ብቻ ነው። በአማካይ ለተለመደ ላገር ቢራ በ4 ዲግሪ 0.8 ባር፣ በ8 ዲግሪ 1.1 ባር ያህል፣ በርሜሉ ውጭ ቆሞ 20 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 2 ባር ያህል ይፈልጋል። በርሜሉን ውጭ አቁሞ ቢራውን በማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ከፍተኛ ግፊት ነው። ለዚህም ነው ፍሰቱን በብሎን የሚቆጣጠር መቅጃ አብሮት የሚመጣው።

ይህ ግፊት እንዳለ መቅጃው ላይ ቢደርስ ቢራው ፈንድቶ ይወጣል። ግፊቱን በመንገድ ላይ የሚጨርሰው ቱቦው ነው። የውስጥ ስፋቱ 4.8 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በ0.8 ባር ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ቢረዝም ይመረጣል። ከርካሽ ዕቃዎች ጋር የሚመጣው አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ የብዙ ሰው የአረፋ ችግር ምንጭ ነው። መቅጃው ከበርሜሉ በ1 ሜትር ከፍ ካለ ከፍታው ራሱ 0.1 ባር ይበላል። ረዘም አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ቢራው በዝግታ ከወጣ 15 ሳንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ። የግማሽ ሊትር ብርጭቆ በ8 ሰከንድ ገደማ ከሞላ ልኩ እሱ ነው። ቱቦውን መገጣጠሚያው ላይ ለማስገባት ሲያስቸግር የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውኃ ውስጥ ማስገባት በቂ ነው፣ በቢላ ማስፋት ግን ያፈስሳል።

አረፋ በዛ ሲባል የሁሉም ሰው እጅ ወደ ሬጉላተሩ ይሄዳል፣ ግፊቱንም ይቀንሳል። ለአንድ ሁለት ብርጭቆ የተስተካከለ ይመስላል፤ ከዚያ ይብሳል። ምክንያቱም ግፊቱ ሲያንስ በቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ በቱቦው ውስጥ እየተለየ አረፋ ይሆናል፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረውም ቢራ ጋዙን እያጣ ቀስ በቀስ ይሞታል። ግፊቱን ከመንካታችሁ በፊት ቱቦውን ተመልከቱ። ከበርሜሉ አጠገብ ጀምሮ ትንንሽ የጋዝ አረፋዎች እየተከተሉ ከመጡ የካፕለሩ ኦሪንግ (የማሸጊያ ጎማው ቀለበት) አርጅቷል፣ ወይም ግፊቱ አንሷል። በቱቦው ሁሉ ከተበተኑ ደግሞ ቱቦው ሞቋል።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ቀጣዮቹ ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ባንኮኒው ላይ የቆመው፣ መቅጃው የሚተከልበት ማማ ነው፤ ከፍሪጁ ውጭ ስላለ በውስጡ ያለው ቢራ ይሞቃል። ከፍሪጁ ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ወደ ማማው ራስ የምትነፋ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ችግሩን ትፈታለች። በርሜሉ ሲከፈት ደህና የነበረ ቢራ በቀናት ውስጥ እየባሰ ከሄደ ደግሞ ግፊቱ በዝቶ ቢራው ተጨማሪ ጋዝ ጠጥቷል። ጋዙን ዝጉ፣ በካፕለሩ ጎን ያለችውን የማስተንፈሻ ቀለበት በየጥቂት ሰዓቱ እየሳባችሁ አስተንፍሱ፣ ከዚያ በትክክለኛው ግፊት መልሱት።

አቀዳዱም የራሱ ድርሻ አለው። መቅጃውን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በግማሽ የተከፈተ መቅጃ ራሱ አረፋ ይሠራል። ብርጭቆውን 45 ዲግሪ አጋድማችሁ ጀምሩና ወደ መጨረሻው አቅኑት፤ የመቅጃው አፍ ቢራውን አይንካ። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የተጣበቁ ትንንሽ የጋዝ አረፋዎች ካያችሁ ብርጭቆው ቅባት አለበት፣ ከላይ ያለው አረፋም ቶሎ ይጠፋል።

ጽዳቱን በየ2 ሳምንቱ አድርጉ። 2 በመቶ የሆነ የኮስቲክ ሶዳ ማጽጃ ከ27 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ አዘጋጁ። ሁልጊዜ ኬሚካሉ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ኬሚካሉ አይጨመርም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። ካፕለሩን ከበርሜሉ አውጡ፣ መቅጃውን ፈትታችሁ በእጅ በሚነፋው የማጽጃ ጠርሙስ በኩል ፈሳሹን ወደ ባልዲ ግፉ። በካፕለሩ የቢራ መውጫ ላይ ትንሽ ኳስ ካለች መጀመሪያ አውጧት፣ ካልሆነ መንገዱን ትዘጋለች። በፓምፕ የምታዞሩት ከሆነ 15 ደቂቃ፣ ሞልታችሁ የምታቆዩት ከሆነ 20 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ የሚያሟልጨው ስሜት እስኪጠፋና የሚወጣው ውኃ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከቧንቧው ውኃ ጋር እስኪመሳሰል እጠቡት። በየ3 ወሩ ደግሞ የአሲድ ማጽጃ ያስፈልጋል፤ በቱቦው ውስጥ የሚጋገረውን የካልሲየም ደለል ኮስቲክ አያነሳውም። ሁለቱን ግን በአንድ ላይ አታደባልቁ፣ አሲድንም ከክሎሪን ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። መቅጃውንና ኦሪንጎቹን ለየብቻ ፈትታችሁ በብሩሽ እጠቡ። ቱቦው ራሱ በየዓመቱ ወይም ቢዘገይ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

አንድ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ በዝቅተኛና በተዘጋ ክፍል ወለል ላይ ይጠራቀማል። ባሩ ምድር ቤት ውስጥ ከሆነ አየር የሚገባበት መንገድ ይኑረው፣ ዝቅ ብሎ የሚተከል የጋዝ ጠቋሚ ማንቂያም ግዙ። የበርሜሉን ቫልቭ ደግሞ ውስጡ ግፊት እያለ ለመፍታት አትሞክሩ፤ በኃይል ተስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል።

ለረጅም ጊዜ ከቤት የምትርቁ ከሆነ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ካፕለሩን ነቅላችሁ ቱቦውን እጠቡ፣ መቅጃውንም ፈትታችሁ አድርቁት። በርሜሉ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ይቆይ። ስትመለሱ በቅድሚያ ግማሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ ቅመሱ፤ ከኮመጠጠ ጥፋቱ የበርሜሉ ወይም የቱቦው መሆኑን የምትለዩት ቱቦውን አጥባችሁ እንደገና ስትቀዱ ነው።