ከማረጥ በኋላ ቴስቶስቴሮን የጀመርኩበት መንገድ

የወር አበባዬ የቆመው 50 ዓመቴ ላይ ነው። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። እኔ 12ቱን ወር የቆጠርኩት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ልቤ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ቀን ደግሞ ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን የሚለበልብ ሙቀት ይመጣብኛል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል የወሲብ ፍላጎቴ ድምፁን አጥፍቶ ሄደ። ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ጠፋ። ባለቤቴን እወደዋለሁ። ሲስቅ ደስ ይለኛል፣ እጁን ስይዝ እረጋጋለሁ። በዚያ መንገድ ሲነካኝ ግን ሰውነቴ ምንም አይመልስም። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ቀጥሎ ዕድሜ ነው አልኩ። በመጨረሻ ማታ ማታ ከእሱ በፊት ለመተኛት እየተጣደፍኩ መሆኔን አስተዋልኩ። ያ ቀን አስለቀሰኝ።

ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መጻፍ ቀላል አይደለም። ግን ያኔ አንዲት ሴት ቁጭ አድርጋ እንዲህ ብታወራኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ያህል ብቻዬን ባልተብሰለሰልኩ ነበር።

ቴስቶስቴሮን የሚለውን ስም ያነሳችልኝ ጓደኛዬ ናት። «ጉልበቴ ተመለሰ፣ ጭንቅላቴ ጠራ፣ ሌላ ሰው ሆንኩ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ድምፄ ወፍሮ ጢም ላበቅል ነው ብዬ ደነገጥኩ። የወንድ ሆርሞን እንደሆነ ብቻ ነበር የማውቀው። እንቁላል የሚያመነጩት የሴት እንቁልጢዎች (ኦቫሪ) እና ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች ቴስቶስቴሮን እንደሚያመርቱ አላውቅም ነበር። ከወንዶች ጋር ሲነጻጸር መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ግን የራሳችን ሆርሞን ነው።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። ዋናው የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅን በማረጥ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። ቴስቶስቴሮን ግን እንዲህ አይደለም። ከ20ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ 40ዎቹ ላይ ስንደርስ ግማሽ ገደማ ሆኖ ይገኛል። የወር አበባ ስለቆመ ብቻ ድንገት አይወድቅም። ድንገት የሚወድቀው ሁለቱም እንቁልጢዎች በቀዶ ጥገና ሲወጡ ነው፤ ያኔ ግማሽ ያህሉ ባንዴ ይሄዳል። ጓደኛዬ ያን ቀዶ ጥገና አድርጋለች። ስለዚህ የእሷ ታሪክ የእኔ ታሪክ አልነበረም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ሐኪም ቤት «ለጓደኛዬ የሰጣችሁትን ስጡኝ» እያልኩ አልገባም ነበር።

ሐኪሟ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ እስከዛሬ የማስታውሰውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ፍላጎትዎ መጥፋቱ የሚያስጨንቀው ማንን ነው? እርስዎን ነው ባለቤትዎን?»

ዝም አልኩ። ለመመለስ ብዙ ደቂቃ የፈጀብኝ ይመስለኛል። ስመጣ ለእሱ ብዬ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን እሱ አንድም ቀን አላማረረም። የናፈቀኝ የራሴ ሰውነት ነው። «እኔን» አልኳት፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ለካ ጥያቄው ለወሬ አልነበረም። አንዲት ሴት ፍላጎት ባይኖራትና ባያስጨንቃት ሕመም የለባትም፤ የሚታከምም ነገር የለም። ሕክምናው የሚታሰበው ሴቲቱ ራሷ ስትጨነቅበት ነው። ሰው ተጭኗት የመጣች ሴት መድኃኒት ይዛ እንዳትሄድ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እወደዋለሁ።

በዚያ ቀን ግን ቴስቶስቴሮን አላዘዘችልኝም። አኮረፍኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ፊት የነሳችኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቅደም ተከተል ነበራት። የታይሮይድና የብረት ምርመራ አዘዘች። የድባቴ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀች፤ አንዳንዶቹ ፍላጎትን ያጠፋሉ። ግንኙነት ስናደርግ ያመኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ያመኝ ነበር። በድርቀት ምክንያት እንደ ምላጭ ያቃጥለኝ ነበር፤ ግን «የዕድሜ ነው» ብዬ ማንም ጋ አልተናገርኩም። «የሚያምዎትን ነገር ሰውነትዎ እንዴት ይፈልገው?» አለችኝ። ለብልት የሚሆን አነስተኛ የኤስትሮጅን ክሬም ሰጠችኝ።

ከዚያ ቀደም ሌላ ቦታ የታዘዘልኝ የሚዋጥ ኤስትሮጅን ነበር። እሱንም ፓች በሚባለው ቆዳ ላይ በሚለጠፈው ቀየረችው። የሚዋጠው ኤስትሮጅን ጉበት ውስጥ ሲያልፍ ቴስቶስቴሮንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋል፤ ሰውነቴ ያለውን ትንሽ እንኳ በደንብ አይጠቀምበትም ማለት ነው። ማህፀኔ ስላልወጣ፣ የማህፀንን ግድግዳ ከኤስትሮጅን የሚጠብቀውን ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን አብሬ ቀጠልኩ።

ሦስት ወር ጠበቅኩ። እንቅልፌ ተመለሰ። ላቡ ቆመ። ሕመሙ ጠፋ። ለብዙ ሴቶች ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የእኔ ፍላጎት ግን አልተመለሰም። ያኔ ነው ስለ ቴስቶስቴሮን በቁም ነገር ያወራነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የተለያዩ አገራት የማረጥና የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ያወጡት አቋም አለ። ባረጡ ሴቶች ላይ ቴስቶስቴሮን በቂ ማስረጃ ያለው ለአንድ ችግር ብቻ ነው ይላል፦ ለሚያስጨንቅ የወሲብ ፍላጎት ማጣት። ለጉልበት፣ ለማስታወስ፣ ለስሜት፣ ለአጥንት ተብሎ የሚሰጥበት በቂ ማስረጃ የለም። በዚያው ዓመት 36 ጥናቶችንና 8,480 ሴቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተናም ወጥቷል። ውጤቱን ስትነግረኝ ቅር አለኝ። መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ከተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር፣ የሚያረካ ግንኙነት በአማካይ በወር አንድ ያህል ነው የጨመረው። «በወር አንድ?» አልኳት። «እሱን ብቻ አይቁጠሩ» አለችኝ። ፍላጎት፣ መነቃቃትና ደስታ ጨምረዋል፤ ጭንቀቱም ቀንሷል። ለእኔ ትልቁ ይህ የመጨረሻው ነበር።

የደም ምርመራ አዘዘች። ለምን እንደሆነ ቀድሜ ተሳስቼ ነበር። ቁጥሩ «አንቺ ያስፈልግሻል» ብሎ አይነግርም፤ ከዚህ በታች ከሆነ ችግር አለ የሚባል መስመር የለም። የሚጠቅመው መጠኔ ከመነሻው ከፍ ያለ እንዳልሆነ ለማየትና በኋላ ለማነጻጸር ነው። የእኔ 0.6 ናኖሞል በሊትር ሆነ።

ከዚያ የመድኃኒቱ ነገር መጣ። አውስትራሊያ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሴቶች ተብሎ የተሠራ 1 በመቶ ክሬም ፈቅዳለች። በአውሮፓ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የተፈቀደ ፓች ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ። በአብዛኛው ቦታ ለሴት የተሠራ ስለማይገኝ ሐኪሞች ለወንዶች የተሠራውን ጄል በትንሽ መጠን ያዛሉ። የእኔም እንዲሁ ሆነ። አንዷ ከረጢት 50 ሚሊግራም ቴስቶስቴሮን ትይዛለች። ለወንድ የአንድ ቀን ናት። ለእኔ የ10 ቀን። በቀን 5 ሚሊግራም ማለት ነው፤ አተር የምታህል ጠብታ። በዓይን መገመት አልቻልኩም። የፋርማሲው ባለሙያ መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ሰጠኝ፤ ግማሽ ሚሊሊትር እየለካሁ መውሰድ ጀመርኩ። መጠኑን በግምት ወይም በራሳቸው ፈቃድ ከሚያደርጉት አንዷ አትሁኚ እላለሁ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም። ቸኮልኩ። ለማንም ሳልናገር መጠኑን እጥፍ አደረግኩት። ከሳምንት በኋላ ሦስት እጥፍ። አገጬ ላይ እንደ ጎረምሳ ብጉር ወጣብኝ። ጄሉን የምቀባበት የጭኔ ቦታ ላይ ጥቁር ፀጉር በቀለ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደሜ ሲመረመር 4.1 ሆነ። ላብራቶሪው ለሴት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.8 ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ቀና አለች። ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን ቁጥሩ ከእኔ በፊት ተናግሮ ነበር።

አልተቆጣችም። ብጉሩ ይጠፋል፣ ፀጉሩም ይቀንሳል አለችኝ። የወፈረ ድምፅ ግን ላይመለስ ይችላል። ሁለት ሳምንት አቁሜ በ5 ሚሊግራም እንደገና ጀመርኩ። ቀጣዩ ምርመራ 1.5 አሳየ። እዚያው ነው ያለሁት።

ከእኔ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የልጅ ልጄ ነበረች። እላዬ ላይ ወጥታ መተኛት ትወዳለች። ጄሉ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይተላለፋል። የተቀባ ሰው በመንካት ብቻ ያለዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት ያሳዩ ሕፃናት ስለነበሩ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. በእነዚህ ጄሎች ላይ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ስለዚህ ጠዋት ከታጠብኩ በኋላ የጭኔ ውጫዊ ጎን ላይ እቀባለሁ። እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ሱሪ እለብሳለሁ፣ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ጡት ላይ አይቀባም። በየቀኑ ጭኑንም እቀያይራለሁ፤ ያ ፀጉር አስተምሮኛል።

ለውጡ የመጣው አሥረኛው ሳምንት አካባቢ፣ በትክክለኛው መጠን ላይ እያለሁ ነው። ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ ዕቃ ያጥባል። ማጅራቱን ከኋላ አየሁት። እና ፈለግኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ራሴን ሳላስገድድ፣ ሐሳቡ በራሱ መጣ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጠፋ ዕቃ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

በዚያው ማታ አወራን። «የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዞ ተኝቷል። መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት ይህን ወሬ ባወራን ኖሮ! ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ጄሉ ያንን ዝምታ አልሰበረውም፤ የሰበርነው እኛ ነን።

ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር። በየሳምንቱ ጭንቀቴን ከ10 ነጥብ እሰጠዋለሁ። ስጀምር 8 ነበር፣ ስድስተኛው ወር ላይ 3። ስድስት ወር ድረስ ለውጥ ከሌለ እንደምናቆም ቀድመን ተስማምተን ስለነበር ደብተሩ ረድቶኛል፤ ትዝታ ያታልላል። ጉልበቴ ግን እንደ በፊቱ ነው። ቁልፌንም አሁንም እረሳለሁ። ጓደኛዬ የነገረችኝ የጠራ ጭንቅላት እኔ ጋ አልመጣም።

በመሀል አንድ ሌላ ክሊኒክ ከቆዳ ሥር የሚቀበር እንክብል እንዳስገባ ሊያግባባኝ ሞክሮ ነበር። «በየቀኑ ከመቀባት ትገላገያለሽ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። የሚቀበረው መጠኑን ከሴት ልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መጠኑን መቀነስ አይቻልም፣ ወራት መጠበቅ ነው። እኔ በሦስት ሳምንት ስህተት ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ። በአፍ የሚወሰደውም አይመከርም፤ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ ያደርጋል።

አንድ ነገር ዓይኔን ከፍቼ ነው የተቀበልኩት። ጥናቶቹ ለብዙ ዓመታት የዘለቁ አይደሉም። የልብ ሕመም ስጋታቸው ከፍ ያለ ሴቶች በአብዛኛው አልተካተቱም። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ደግሞ ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር ልትነካው አይገባም። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ደሜን እሰጣለሁ። ቀጠሮዬን አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ደወለች። 49 ዓመቷ ነው፣ የወር አበባዋ መዛባት ጀምሯል። «ከዚያ ጄልሽ ትንሽ ቀንሺልኝ፣ ልሞክረው» አለችኝ። አልሰጥሽም አልኳት። አኮረፈች። ከዚያ እኔ የተጠየቅኩትን ጠየቅኳት፦ «የሚያስጨንቀው ማንን ነው?» ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። ስትተነፍስ ይሰማኛል። አላቻኮልኳትም።

ሐሙስ ቀጠሮ አላት። አብሬያት እሄዳለሁ።