ውሃ የጠጣ ጆንያ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ይህን ልመሰክር ስንት እሁድ ተነስቼ መልሼ ቁጭ እንዳልኩ እሱ ያውቃል።

ጅማ ነው የምኖረው። ለዩኒቨርሲቲው ቀረብ ያለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ባለቤቴ እንዲድን ጾሜ፣ አልቅሼ ለምኜ ነበር። አልዳነም። ከቀብር መልስ እግዚአብሔርን "ከእንግዲህ ምንም አልለምንህም" አልኩት። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አጨበጭባለሁ፤ ልቤ ግን ዝግ ነው። አንድ ዓመት ተኩል እንዲሁ አለፈ።

ሰኔ ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የሚተራመስበት ወር። መብራት ሄዷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጀነሬተሯን ከቤት አውጥቼ ደጅ፣ ከታዛው ጫፍ አስነስቻታለሁ። ጭሷ ሽታ የሌለው መርዝ እንዳለበት አውቃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ብልህ ነበርኩ። ወደ ሰማይ አንጋጥጬ "ባሌን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ዝናብ ትጨምርልኛለህ?" አልኩት። አልደብቅም፣ ብዬዋለሁ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሯ መንተፋተፍ ጀመረች። ቤንዚን ልትጨርስ ነው። አንዱ ተማሪ "ማዘር፣ ሃያ ገጽ ነው የቀረኝ!" አለኝ። ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ብዬ፣ ሞተሯ እየሰራች ክዳኑን ከፈትኩ። ቤንዚኑ በሃይላንድ ነው ያለው። ተማሪው በስልኩ ያበራልኛል። እጄ ረጥቦ ነበርና ሃይላንዱ አዳለጠኝ፤ ቤንዚኑ የጋለው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫዋ ላይ ፈሰሰ።

ፉፍ።

ይኸው ነው ድምፁ። ሻማ እንደማጥፋት። እሳቱ በግራ እጅጌዬ ወጣ። ሃይላንዱን ወረወርኩት። ወድቆ ነበልባሉን እስከ በሩ ዘረጋው። ከበሩ ወዲያ የአራት ዓመት ልጄ የወረቀት ካርቶን ላይ ተኝቷል። ልጮህ አፌን ስከፍት "ኢየሱስ!" ብቻ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ።

ተማሪው ባልዲ አነሳ። ከመንገዱ ማዶ "ቢሻን ሂን ነቂና!" የሚል ድምፅ መጣ። ውሃ አትድፉ! የቡና መጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ከራሳቸው ላይ ሁለት ጆንያ ገፈፉ። ሲዘንብ እንደ ካባ የሚደርቡት ነው፤ ከመሸ ጀምሮ ዝናብ ሲጠጣ ያመሸ። በአንዱ ክንዴን ጠቅልለው ጨመቁት። ሌላውን ሞተሯ ላይ ጣሉና የቤንዚን መዝጊያዋን ዘጉ። ተማሪዎቹ ለግንባታ የተከመረውን አሸዋ በእጃቸው እየዛቁ በሩ ላይ ያለውን ቀበሩት።

አባባ፣ ይህን አያነቡትም፤ ግን አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ክንዴን ሃያ ደቂቃ ቧንቧ ስር የያዘችልኝን የነርሲንግ ተማሪም ጌታ ይባርካት። ጎረቤት ቅቤ ይዞ ሲመጣ ያባረረችው እሷ ናት።

ልጄ አልነቃም። አጠገቡ ተቀምጬ "በእሳትም ውስጥ በሄድህ ጊዜ አትቃጠልም" የሚለው የኢሳይያስ ቃል መጣብኝ። እኔ እንኳን ተቃጥያለሁ፤ ጠባሳው አለ። ግን ደረቴ ላይ ጆንያው ያንጠባጠበውን ውሃ ስነካ ገባኝ። ያ የተራገምኩት ዝናብ ነው። እስኪነጋ አለቀስኩ።

ክንዴ አራት ወር ፈጀ።

አሁን ቤንዚን ስትጨርስ አጠፋታለሁ። ሩብ ሰዓት እስክትበርድ ማንም አይነካትም። ተማሪዎቹ "የማዘር ጸሎት ደረሰ" ብለው ይስቃሉ፤ እውነትም ያን ጊዜ እጸልያለሁ። ቤንዚኑ በደህና ጀሪካን ከቤት ርቆ ይቀመጣል። እስከ አፏ አልሞላትም፤ ሲሞቅ ያብጣል። የፈሰሰ ካለ ጠርጌ፣ ሽታው እስኪጠፋ አላስነሳትም። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ይፈልጋል ያለኝ ያው የሃያ ገጹ ልጅ ነው። ተመርቋል፣ ተመስገን።

ለአባባ የዝናብ ካፖርት ገዛሁላቸው። መርቀው ተቀበሉኝ። ዝናብ ሲመጣ ግን ያንኑ ጆንያ ነው የሚደርቡት። "ምነው አባባ፣ አልወደዱትም?" አልኳቸው።

"ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ውሃ አይጠጣም" አሉኝ።