ጌሚንግ ላፕቶፕ ስገዛ ግራፊክስ ካርዱን በዋቱ እንዴት እንደመረጥኩ

ከሁሉም በፊት የወሰንኩት ግራፊክስ ካርዱን ነው። ራምና ኤስኤስዲ በአብዛኞቹ ጌሚንግ ላፕቶፖች ላይ ቆይቶ መቀየር ይቻላል፤ ካርዱ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚበየድ የገዙትን ይዘው ነው የሚቆዩት።

ስሙ ብቻውን አይበቃም። የኤንቪዲያ ኩባንያ የዴስክቶፕ ካርድ አርቲኤክስ 4070፣ 5888 ኩዳ ኮር (ምስሉን የሚያሰሉ ጥቃቅን ክፍሎች) እና 12 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ በዚያው ስም የሚሸጠው የላፕቶፕ ካርድ ደግሞ 4608 ኮርና 8 ጊጋባይት ነው። የላፕቶፑ 4090ም ቢሆን የተሠራው በዴስክቶፑ 4080 ቺፕ ነው። ስለዚህ በዴስክቶፕ የተሠሩ ፍተሻዎችን ትቼ፣ ልገዛው ባሰብኩት ሞዴል ላይ የተሠሩትን ብቻ አየሁ።

ዋናው ጉዳይ ዋቱ፣ ማለትም ካርዱ እንዲጠቀም የሚፈቀድለት ኃይል ነው። ኤንቪዲያ ለላፕቶፕ አምራቾች አርቲኤክስ 4060ን የሚሰጣቸው ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ሲሆን፣ ስንት እንደሚለቁለት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ዳይናሚክ ቡስት የሚባለው አሠራር ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀልለው ትርፉን ኃይል ወደ ካርዱ ያዞራል፤ በሳጥኑ ላይ 140 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ይህ ተደምሮ ነው። ስስ ላፕቶፕ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል አምራቹ ዋቱን ዝቅ ያደርገዋል። ከዚህ የተነሳ 60 ዋት ብቻ የተለቀቀለት 4070 ሙሉ ዋቱን በሚያገኝ 4060 ሊቀደም ይችላል፤ ዋጋው ግን የ4070 ነው። በሌላ በኩል በእነዚህ ሁለት ካርዶች ላይ ከ100 ዋት ገደማ በኋላ የሚገኘው ጭማሪ ትንሽ ስለሆነ፣ ለ140ው ብዬ ብዙ ገንዘብ አልጨመርኩም።

የዋቱ ቁጥር በአምራቹ ዝርዝር ላይ ቲጂፒ ወይም ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር ተብሎ፣ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ጽሑፍ ይገኛል። ላፕቶፑ እጅ ላይ ካለ ቻርጀሩን ሰክቶ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን መክፈትና ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን መጫን ነው። ቻርጀሩም ራሱ ይናገራል፦ ጀርባው ላይ አውትፑት ከሚለው አጠገብ 20 ቮልትና 11.5 አምፒር ከተጻፈ ሲባዛ 230 ዋት ነው። 140 ዋት የሚጠጣ ካርድ ከ150 ዋት ቻርጀር ጋር ከመጣ ለፕሮሰሰሩና ለስክሪኑ የሚተርፍ የለም፤ ወይ ቻርጀሩ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል፣ ወይ ካርዱ ይቀንሳል። በባትሪ ብቻ መጫወትን ከነአካቴው ከሂሳብ አወጣሁት፤ የትኛውም ካርድ ያኔ ዋቱ በጣም ይወርዳል።

ቀጥሎ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ። የላፕቶፑ 4050 6 ጊጋባይት፣ 4060፣ 4070፣ 5060 እና 5070 ሁሉም 8 ጊጋባይት ናቸው፤ ስማቸው በ50 በሚጀምረው አዲሱ ትውልድ 12 ጊጋባይት የሚጀምረው ከ5070 ቲአይ ነው። ከ4060 ወደ 4070 መሻገር ፍጥነት ይጨምራል እንጂ ሚሞሪ አይጨምርም፤ ይህን ሳያውቁ መግዛት ያስቆጫል። ሚሞሪው ሲሞላ ጨዋታው ትርፉን ወደ ራም ይልከዋል፤ መንገዱ ቀርፋፋ ስለሆነ አማካይ ኤፍፒኤሱ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደህና እየመሰለ ምስሉ ይንቀረፈፋል፣ ቴክስቸሮችም (የነገሮቹን ገጽ የሚሸፍኑት ምስሎች) ደብዝዘው ይቀራሉ። ያኔ መጀመሪያ ዝቅ የሚደረገው የቴክስቸር ሴቲንጉ ነው።

ስክሪኑም ከካርዱ ጋር መመጣጠን አለበት። 2560 በ1600 የሆነ ስክሪን ከ1920 በ1080 ሁለት እጥፍ ያህል ፒክስል አለው፤ 4050 ይዞ ያንን ማስነዳት ከባድ ነው። ፍሬም ጄነሬሽን (በምስሎቹ መሃል ተጨማሪ ምስል እየሠራ የሚያስገባው አሠራር) ያድነኛል ብሎ መግዛትም አያዋጣም፤ መነሻው 60 ኤፍፒኤስ አካባቢ ካልደረሰ ቁጥሩ ቢያድግም እጅ ላይ ያለው መዘግየት አይጠፋም።

ሙክስ ስዊች፣ ማለትም ካርዱን በቀጥታ ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኝ መቀየሪያ መኖሩንም አረጋገጥኩ። እሱ ከሌለ ካርዱ የሠራው ምስል ሁሉ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ በኩል ዞሮ ወደ ስክሪኑ ስለሚሄድ፣ ከፍተኛ ኤፍፒኤስ ላይ ኪሳራው ይታያል። ራሙ ደግሞ ሁለት ስቲክ ይሁን፤ አንድ 16 ከመግዛት ሁለት 8 ይሻላል።

ላፕቶፑ እንደደረሰ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ፣ ቻርጀሩን ሰክቶ በፐርፎርማንስ ሞድ ከባድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ማስኬድና ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው የመከታተያ ፕሮግራም የካርዱን ዋትና ሙቀት ማየት ነው። ሙቀቱ ወደ 87 ዲግሪ ተጠግቶ ዋቱ እየወረደ ከሄደ ማቀዝቀዣው አልቻለውም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መመለስ ይሻላል። ሙቀቱ ዝቅ ብሎ ዋቱም ዝቅ ካለ ግን አትቸኩሉ፤ ሞዱን፣ ቻርጀሩንና የኤፍፒኤስ ገደብ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ፕሮሰሰሩ ካርዱን እያስጠበቀው ሊሆንም ይችላል።