ከመሳቢያው ውስጥ የኔ የቱ ነው?

ሐምሌ 18፣ ማታ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ከገብርኤል በኩል የድምፅ ማጉያው ይሰማል። ነገ ንግሥ ነው፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም። በዚህ ዋዜማ ሁሌ የሚመጣብኝ አንድ ስሜት አለ፣ ደስታም አይደል ሐዘንም አይደል። ስለ እሱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ግን ሐዋሳ በሐምሌ ሁለት ሰልፍ አላት። አንዱ የገቢዎች ሰልፍ ነው፣ ነጋዴው ዓመታዊ ግብሩን ሊከፍል ይሰለፋል። ሌላው የ19 ሰልፍ ነው፣ ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጎናጸፊያ ይዞ የሚመጣው ባለ ስለት። ብዙ ጊዜ ሰውየው ያው አንድ ነው። በመጀመሪያው ሰልፍ ላይ «ዘንድሮ ገበያ የሚባል ነገር የለም» ይላል፣ በሁለተኛው «ይህን ሁሉ ስለሰጠኸኝ» ብሎ እልል ይላል። ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚለው። ውሸታም ነው ማለት ይቀላል፣ እኔ ግን ውሸታም አይመስለኝም። ስንት እንዳተረፈ በእውነት አያውቅም።

ስለ ሀብትና ስለ እምነት ሲወራ ነገሩ ቶሎ ወደ ልብ ይሄዳል፤ ገንዘብ መውደድ፣ ግመልና መርፌ ቀዳዳ፣ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ። እውነት ነው። ግን አሥራት፣ ማለትም ከመቶ አሥር እጅ፣ ስጥ ለተባለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የልብ አይደለም፣ የሂሳብ ነው። ከምኑ አሥር እጅ?

አንድ መካከለኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ እንውሰድ፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ሽቦ የሚሸጥ። የወር ሽያጩ ያለ ቫት 460,000 ብር ነው እንበል። መሳቢያው ውስጥ የገባው ግን 529,000 ነው፤ 69,000ው ቫት ስለሆነ የባለሱቁ ሆኖ አያውቅም። ዕቃ ሲገዛ የከፈለው ቫት 58,650 ከሆነ ልዩነቱን 10,350 ያስገባል። የዕቃው መግዣ 391,000። ስለዚህ ጥቅል ትርፉ 69,000 (ከቫቱ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው)። ኪራይ 20,000፣ የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ 14,000፣ አሠሪው የሚያዋጣው ጡረታ 11 በመቶ ማለት 1,540፣ ጫኝና ትራንስፖርት 4,000፣ መብራትና ልዩ ልዩ 2,460። ድምር ወጪ 42,000። የተረፈው 27,000።

አሁን አሥራት ይውጣ። ከተረፈው ከሆነ 2,700። ከጥቅል ትርፉ ከሆነ 6,900። ከሽያጩ ከሆነ 46,000፣ ማለትም ሰውየው ካተረፈው ሁሉ ይበልጣል። «ከገባልህ ሁሉ» ሲባል የሰማ ቅን ሰው ሦስተኛውን ይመርጥና በሦስተኛው ወር የአከፋፋዩን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን እየሰጠ ይገኛል። ከዚያ አከፋፋዩ ሲደውል ስልኩን አያነሳም። ዘዳግም 14 ላይ አሥራት የሚወጣው ከዘር ፍሬ ነው፤ እርሻው ውስጥ ከተዘራው ሳይሆን በየዓመቱ እርሻው ከሚያወጣው። የዕቃ መግዣ ዘር ነው። ዘር አይታሠርም፣ ማለትም አሥራት አይወጣበትም።

በተቃራኒው የሚሳሳተው ደግሞ ይበዛል። ለራሱ ግቢ አጥር 3,000 ብር የተገዛ ቆርቆሮ ከሱቁ ያስወጣል፣ መዝገብ ላይ አይጽፍም። ወር ሲዘጋ ዕቃው ጎድሏል፣ ትርፉ ቀንሷል፣ አሥራቱም አብሮ ቀነሰ። ትክክለኛው ትርፍ 30,000 ነበር፣ አሥራቱም 3,000። ከሱቅ ወደ ቤት የሚሄድ ነገር ሁሉ በመግዣ ዋጋው ይመዝገብ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። ለኮንትራክተር በዱቤ የሄደውን ደግሞ ገንዘቡ ሲመለስ ማሠር ይሻላል፣ የኮንትራክተር ዱቤ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

እቁብም ያምታታል። 300,000 ሲደርሰው «በረከት ወረደ» ብሎ 30,000 የሚያወጣ አለ። ከደመወዙ ወይ ከትርፉ አሥራት አውጥቶ በቀረው ሲጥል ከነበረ፣ ያ ብር አንዴ ታሥሯል። መጀመሪያ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ደግሞ የያዘው ብድር ነው፤ ገና የሚጥለው ነው። ከብድር አሥራት አይወጣም። ዕጣውን የሸጠውስ? 300,000 የሚደርሰው ተራውን ለቸገረው ሰው ቢለቅና የቸገረው 285,000 ብቻ ቢወስድ፣ ለሻጩ የቀረችው የ15,000ዋ ስም ማን ነው? የእቁብ ዳኛው «ስምምነት» ይላታል። የንስሐ አባት ቢጠየቁ ሌላ ስም የሚሰጧት ይመስለኛል።

ወንጌላውያኑ አሥራታቸውን የሚያስገቡበት ባለ ስም ፖስታ አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ገንዘቡ ከሌላው ይለያል። ክፋቱ ፖስታው እሑድ እስኪደርስ መሳቢያው ውስጥ ያድራል፤ ሐሙስ ላይ ሲሚንቶ ይመጣል፣ «ለጊዜው» ይባልና ይከፈታል። ለዚህ ኦሪት ቁጥር አለው፣ ዘሌዋውያን 27፦ አሥራቱን ለራሱ ሊያስቀርና ሊቤዠው የሚወድ አንድ አምስተኛ ይጨምርበት። 2,700ው 3,240 ይሆናል ማለት ነው። ገቢዎች ብቻ ነው ቅጣት የሚጨምረው ያለው ማን ነው?

ሙስሊሙ ጎረቤት ሂሳቡ በሌላ መንገድ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ለባለሱቅ የሱ ይቀላል። ዘካ የሚለካው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የገባውን ሳይሆን ያለውን ይለካል። በዚያ ቀን መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ በዕለቱ መሸጫ ዋጋ፣ ሲደመር ጥሬ ገንዘብ፣ ሲደመር ይመለሳል ተብሎ የሚታመን ዱቤ፣ ሲቀነስ ዕዳ። ዕቃ 600,000፣ ጥሬ 80,000፣ ዱቤ 40,000፣ የአከፋፋይ ዕዳ 220,000 ከሆነ 500,000 ይቀራል፤ 2.5 በመቶው 12,500። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ጋሪው አይቆጠሩም፣ አይሸጡማ። ዓመቱ የጨረቃ ነው፣ 354 ቀን ገደማ። በእኛ ዘመን አቆጣጠር መስከረም በመጣ ቁጥር የሚያሰላ ሰው 11 ቀን ስለሚዘገይ 2.5 ሳይሆን 2.577 በመቶ ማውጣት አለበት። በ500,000 ላይ 385 ብር ነው ልዩነቱ። ትንሽ ናት፣ ግን የድሀ ናት።

ከዚያ በፊት ግን ኒሳብ አለ፣ ግዴታው የሚጀምርበት ወለል። በወርቅ 85 ግራም፣ በብር (በማዕድኑ ማለት ነው) 595 ግራም። ድሮ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ። ዛሬ 85 ግራም ወርቅ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው፣ 595 ግራም ብር ከዚያ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ያ 500,000 ያለው ባለሱቅ በወርቅ ሲለካ ድሀ ነው፣ በብር ሲለካ ሀብታም። ለችግረኛው የሚያደላው በብር መለካት ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ብር በብር ሲለካ ሀብታም መሆናችን ግን ያስቃል።

ወለዱንም ልጨምር። መደበኛ የቁጠባ ደብተር ወለድ ያስባል፣ ዝቅተኛው መጠን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ተደርጎ ነበር። ያንን የማይፈልግ በዋዲዓ ያስቀምጣል፣ አደራ ነው፣ አይወልድም። ዕቃ በሙራበሐ የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ባንኩ ዕቃውን በእውነት ገዝቶ፣ የራሱ አድርጎ፣ ከዚያ ነው ትርፍ ጨምሮ የሚሸጠው። ገንዘቡ በደንበኛው እጅ ገብቶ «ሄደህ ግዛ» ከተባለ ስሙ ብቻ ተቀየረ፣ ብድሩ ያው ብድር ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚዛኗን ጣሳ አያክልም።

ሚስማር በኪሎ ነው የሚሸጠው። ሚዛኑ ላይ ጣሳ አለች፣ ሚስማሩ ተጨልፎ የሚገባባት። ዲጂታሉ ሚዛን ጠዋት ሲበራ ጣሳዋ ላዩ ላይ ካለች ራሱ ዜሮ ይላል። ካልነበረችና ታሬ የምትለዋ ቁልፍ (የመያዣውን ክብደት የምትቀንሰው) ካልተጫነች የጣሳዋ ክብደት በገዢው ላይ ይቆጠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ሐዋሳ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ አልነግራችሁም። ጣሳዋ 100 ግራም ናት እንበል። በቀን 40 ጊዜ ቢመዘን 4 ኪሎ። ኪሎው በ150 ብር 600። በ26 የሥራ ቀን 15,600 ብር።

አሥራቱ 2,700 ነበር።

ማንም ሌባ ልሁን ብሎ አልተነሳም። ቁልፍ አልተጫነም፣ በቃ። ሰውየው ግን ነገ ጃንጥላ ይዞ ይሄዳል፣ ጃንጥላው ቅጥር ግቢው ውስጥ ይጫረታል፣ አንዱ ይገዛዋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያው ጃንጥላ ስለት ሆኖ ይመለሳል። 15,600ው ግን ለማንም አይመለስም። ዘኬዎስ ከዛፉ ላይ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ እኩሌታውን ለድሆች አለ፣ ቀጥሎ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ። አራት እጥፉ 62,400 ነው። ዘኬዎስ ቢያንስ ማንን እንደቀረጠ ሳያውቅ አይቀርም። ሚስማር የገዛውን አናጢ ግን ከአቶቴ ሰፈር ይሁን ከታቦር ማን ያውቃል? እስላሞቹ ባለቤቱ ያልተገኘ የሰው ገንዘብ ለድሀ ይሰጣል፣ ግን የራሴን ምጽዋት ሰጠሁ አይባልበትም ይላሉ። ይህን ወድጄዋለሁ። አሥር እጅ ከመቁጠር በፊት የሰውን መለየት ነው፤ ቫቱን፣ የሠራተኛውን ጡረታ (7ቱ ከደመወዙ ተቆርጦ ሳይላክ የሚያድረው)፣ የጫኙን የማታ ሂሳብ፣ ጣሳዋን። ዘሌዋውያን 19 የሞያተኛው ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር ይላል፤ አሥራቱ ቢያድር ይሻላል፣ የጫኙ ግን አይደር። ይህን ሁሉ የለየ ሰው ስንት እንደሚቀረው አስቤ ነበር። ምናልባት ትንሽ። ምናልባት ደግሞ እግዚአብሔር ሂሳብ ያስያዘን ለራሳችን ብሎ ነው፤ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያው ላይ፣ ያሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣው አንጀት ድርሻቸውን ሲወስዱ ማንም አሥራት አልጠየቃቸውም።

አንድ ነገር ብቻ አልፈታ ብሎኛል። ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ከሆነ ጀምሮ ማለቴ ነው፣ ቆርቆሮና ብረት የሚሸጥ ሁሉ ያውቀዋል። 500 ብር የገባ ቆርቆሮ 600 ተሸጠ። መዝገቡ 100 ብር ትርፍ ይላል፣ ግብሩም እንደዚያው። ነገ ያንኑ ቆርቆሮ ለመተካት ሲሄድ ግን 620 ሆኗል። ቆርቆሮው በመዝገብ አተረፈ፣ በመጋዘን ጎደለ። እና ከ100ው አሥራት 10 ብር ይወጣል ወይስ ምንም አይወጣም? በሰማይ ቤት መዝገብ ዕቃ የሚያዘው በገባበት ዋጋ ነው ወይስ በሚተካበት? የዘካው ሰው ይህ አያስጨንቀውም፣ በዕለቱ ዋጋ ገምቶ ይጨርሳል። ዋጋ ሲጨምር እሱም ይጨምራል፣ አያጉረመርምም።

ሰንበት ትምህርት ቤት እያለን ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙን አሥራት በሚያወጡት ፈሪሳውያን በጣም እንስቅ ነበር። ከሙን የሚቆጥር ሰው! ይኸው ዋዜማ ማታ፣ በአንዲት ቆርቆሮ፣ በ10 ብር ላይ፣ ደብተሬ ሊያልቅ ነው። እንስላሉን ባላሰብኩት።